የፍስኩ ድስት

የድስቱ ጆሮ ላይ ክር መኖሩን ያየሁት ልጄ ዜማ ጠርሙሶቿን በዘንቢል ይዛ ከወጣች ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ነው። ነጭ ክር ነበር፤ ከእሳት ብዛት ጠቁሮ ከጆሮው ጋር አንድ መስሏል። በጥፍሬ ስነካው ተፈርፍሮ ጣቴ ላይ ቀረ። ያን ክር ያሰርኩት ራሴ ነኝ። ሁለት እኩያ ድስቶች በአንድ ቀን ከገበያ ገዝቼ አንዱን ለጾም፣ አንዱን ለፍስክ ስለይ፣ የፍስኩ ይኼ ነው ብዬ አሰርኩለት። ቅቤ የማነጥረው በእሱ ነው። ጥዋት መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን ስንርመሰመስ ከመደርደሪያው አንስቼ ለዜማ ያቀበልኳትም እሱኑ ኖሯል። ስኳሩንና የሎሚውን ልጣጭ ያፈላችበት እሱ ነው። ቀኑ ደግሞ ረቡዕ ነው፤ ያውም በነቢያት ጾም።

ድስቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አዘነበልኩት። ከታች የቀረችው ጭላጭ ቀዝቅዛ፣ ላይዋ ላይ ሦስት ቢጫ የቅቤ ጠብታዎች እንደ ዓይን ፈጠው ያዩኛል። አሸተትኩት። መጀመሪያ ሎሚ ነው፤ ከሎሚው ሥር ኮረሪማ፣ ከኮረሪማው ሥር ኮሰረት። የቤቴ ቅቤ ሽታ ነው። ጥዋት ይህንኑ አሽትቼ ምንም አላልኩም። ሰው የራሱን ቤት ሽታ አያውቀውም። ዜማ ግን አውቃዋለች ማለት ነው፤ ምን እንደሆነ አላወቀችም እንጂ። ወር ሙሉ ያን ሽሮፕ አሥራ አንድ ጊዜ አፍልታ አሥራ አንድ ጊዜ አፍንጫዋን ነፍታለች። አንዴ ጠጅ ሳር ትጨምራለች፣ አንዴ የብርቱካኑን ልጣጭ ታበዛለች፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል ትላለች። ጥዋት ግን አንዲት ጠብታ መዳፏ ላይ አድርጋ በምላሷ ነክታ ተፋችና ዓይኗ በራ። «እማዬ፣ መጣ» አለችኝ። «ዛሬ እኮ መጣ። አሽትቺው።» ከዚያ እየዘለለች ጠርሙሱ ውስጥ ገለበጠችው። ሽሮፕ ሲባል እኔ የማውቀው የሳሉን ነው፤ ልጄን እንዲህ የሚያዘልል ሽሮፕ አይቼ አላውቅም። ደስታዋ ተጋባብኝና እኔም ሳቅሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር የተሠራው አዲሱ ባለ አራት ፎቅ ሆቴል ለገና ገበያ በመጪው ሰኞ ይከፈታል። ለባንኮኒው መጠጥ ቀማሚ ይፈልጋሉ። ባለቤቱ አቶ እንዳላማው ከአመልካቾቹ ሁለቱን ለይተው፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መጠጥ ሠርተው እንዲያቀርቡ ጠሩ፤ አንደኛው ከባሕር ዳር የመጣ አንተነህ የሚባል ልጅ ነው፣ ሁለተኛዋ የእኔዋ ዜማ። ሰዓቱን ዘጠኝ ተኩል ያደረጉት ሰውየው ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ጾማቸውን ፈትተው ስለሚመጡ ነው። ጾም አጥባቂ ናቸው፤ ከተማው ያውቃቸዋል። ዜማ ለዚህ ብላ ነው ከዓባይ በረሃ የመጣ ሎሚ ኪሎውን በመቶ ሰማንያ የገዛችው። ይህ ካልሆነ ሰኞ አዲስ አበባ እሄዳለሁ ብላለች። ጓደኛዋ ቦሌ አካባቢ ሦስት ሆነው የሚኖሩባት አንዲት ክፍል አለቻት። ያቺን ክፍል አይቻት አላውቅም፤ ግን ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ የበሯን መቀርቀሪያ ሳስብ አድራለሁ።

ድስቱን ይዤ ቆሜ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ልናገር፤ ዝም ልበል ነው ያልኩት። ማን ያውቃል? ሦስት ጠብታ ቅቤ። ወዲያው ግን ሌላው ሐሳብ መጣ። አቶ እንዳላማው ብርጭቆውን አንስተው ከንፈራቸው ላይ ቅባት ሲያገኙ ታየኝ። ከዚያ ገበያው፣ ከዚያ ደብሩ፣ «የየብርጓል ልጅ በነቢያት ጾም ሽማግሌ በቅቤ አስገደፈች» ሲባል፤ ከዚያ ልጄ በዚህ ከተማ ቀርቶ በሰባቱም አውራጃ ሥራ ሳታገኝ፤ ከዚያ ያቺ ቦሌ ያለች ክፍል። ይህ ሁሉ በሁለት ትንፋሽ ውስጥ ነው የመጣው። ስልኬን አንስቼ ደወልኩላት። ስልኳ ከጀርባዬ መደርደሪያው ላይ ጮኸ። መብራት ይመጣል ብላ ሰክታው ሄዳለች።

አስማማው የገባው ያኔ ነው። ባለቤቴ የዞኑ መዝገብ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ እነሱም ይበተናሉ። በልጅነቱ ከጉንደ ወይን ወጥቶ የቆሎ ተማሪ ሆኖ እስከ ቅኔ ዘልቋል፤ ከዚያ ነው ወደ ዘመናዊው ትምህርት የመጣው። ዜማ ሂሳብ መዝገብ አልማርም፣ የሆቴል መጠጥ አዘገጃጀት ነው የምማረው ካለችበት ቀን ጀምሮ በቀጥታ አያናግራትም። ስምንት ወር ሆነ። አጠገቧ ተቀምጦ «ለልጅሽ ንገሪያት፣ የደጁን አምፖል ታጥፋው» ይለኛል። እሷም ከተቀመጠችበት ሳትነሳ «ለአባዬ ንገሪው፣ ከጠፋ ቆየ» ትለኛለች። እንደ ድሮ ስልክ ቤት መሃላቸው ሆኜ አቀባብላለሁ። ስለዚህ ድስቱን ይዤ ሲያየኝ የሚመጣውን አውቄ ጠበቅሁት፤ እግዜር ነው ያሳያት ይላል ብዬ።

ነገርኩት። ድስቱን ተቀብሎ አሸተተ። ክሩን ነካ፤ ጣቱን በሱሪው ጠረገ።

«በስንት ሰዓት ነው ያለችው?»

«ዘጠኝ ተኩል።»

ሰዓቱን አየ። ስምንት ከሃያ አምስት ነው። «ከሰል አለ?» አለኝ።

ከሰል ነበረ። የቀረው ነገር ሁሉ ነው ያልነበረው። ስኳሩን ጥዋት ጨርሰነዋል፤ ሎሚውንና ብርቱካኑን ጨምቃ ጭማቂውን ይዛው ሄዳለች፤ ልጣጩ ተቀቅሎ የውሻ ጆሮ መስሏል። የጾሙን ድስት ከመደርደሪያው አወረድኩ፣ ሦስት ጊዜ ዙሪያውን አገላብጬ ክር ፈለግሁበት፣ እንደገና በፈላ ውሃ አጠብኩት። ጎረቤቴ ዘመናይ ጋ ሮጬ ሁለት ብርጭቆ ስኳር ለመንኳት። እንግዳ መጣብሽ ወይ፣ ሻይ ነው ወይ አለችኝ። «የጂን ነው» ብያት፣ መጠጡን ማለቴ ነው፣ አፏን እንደከፈተች ትቻት መጣሁ። ነገ ይህንንም የማስተካክለው እኔ ነኝ። ቤት ስገባ አስማማው ወንበር ላይ ወጥቶ ቁምሳጥኑ አናት ላይ ይዳብሳል። ጉሮሮውን ስለሚያመው ሁልጊዜ ማታ ማታ በሙቅ ውሃ የሚጠጣቸው ሎሚዎች አሉት፤ በጋዜጣ ጠቅልሎ እዚያ ያስቀምጣቸዋል፣ እኔም ሆንኩ ዜማ አንነካቸውም። አራት ነበሩ። አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸውና ቢላዋ ጠየቀኝ።

እንዲህ ሆነን አብረን ሠርተን አናውቅም። እሱ የሎሚውን ቢጫ ልጣጭ ነጩን ሳይነካ እንደ ብራና እየላገ ያወርዳል፤ የደብር እጁ አልጠፋበትም። እኔ ከሰሉን አርገበግባለሁ። ስኳሩ ከውሃው ጋር ሲገናኝ ልጣጩን ጨመርኩ፣ ዜማ የተወችውን ጠጅ ሳር ቆርጬ ጨመርኩ፣ ከዚያ ቆምኩ። የቅቤዬን ቅመም ልክ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ፤ ግን ያ ለቅቤ ነው። አብሽ ይግባ አይግባ? እርድ ይግባ አይግባ? ጥዋት ያሸተትኩትን ለማስታወስ የፍስኩን ድስት አንስቼ አፍንጫዬን ከተትኩበት። ኮረሪማና ኮሰረት፣ ሌላው አይታወቅም። አስማማው ሁለት ኮረሪማ ፈልፍሎ ሙቀጫው ውስጥ ጨመረና በዘነዘናው ሰበር ሰበር አደረገው። ደቀቅ አይበል፣ በማጥለያው አልፎ አፍ ውስጥ እንዳይቆረቁር፣ አልኩት። እንዲህ ከሆነማ እንደ ቅኔ ቤት ልኩን ቆጥረሽ ንገሪኝ አለኝ። ኮሰረቱን በሦስት ጣቴ ቆንጥሬ በተንኩበት፤ በዛ ብዬ ግማሹን በማንኪያ አወጣሁ፤ አነሰ ብዬ መለስኩ።

ችግሩ መቅመስ አለመቻላችን ነው። ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም። ሁለታችንም ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ አልቀመስንም፣ ፊታችን ላይ ደግሞ ያ ሽሮፕ ይንተከተካል። ድስቱ ላይ ጎንበስ ብለን፣ እኔ በአንድ ወገን እሱ በአንድ ወገን፣ ባፍንጫችን ብቻ እንዳኘዋለን። «ቀረው» እላለሁ። «ደረሰ» ይላል። «ቀረው እኮ አስማማው።» «ከዚህ ካለፈ መድኃኒት ይሆናል፣ አውርጂው።» ላቤን በክንዴ እጠርጋለሁ፣ ከሰሉን አርገበግባለሁ። እንዲህ ደንግጬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ነውር ነው ግን እውነት ነው። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልለን በማር ጠርሙስ ሞላነው። ቀለሙ የመስከረም ፀሐይ ነው። ስልኳን እንዳልረሳ፣ ድስቱንም እሳት ላይ እንዳልተው ብዬ ስዋከብ አስማማው ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልሎ ቀድሞኝ ደጅ ወጥቶ ባጃጅ አስቁሟል።

ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ባጃጁ ውስጥ ጠርሙሱን በሁለት ጉልበቱ መሃል አጥብቆ ተቀመጠ። ሹፌሩ ሰማንያ ብር አለን፤ ሌላ ቀን ብሆን ወርጄ በእግሬ እሄድ ነበር። መንገዱ በግማሽ ተቆፍሯል፣ ባጃጁ በዘለለ ቁጥር የአስማማው ክርን ጎኔን ይወጋኛል፣ እኔ ደግሞ ጠርሙሱ ሲፈነዳ፣ የባሌ እግር ሲቃጠል፣ ባጃጁ ሲገለበጥ በየተራ አያለሁ። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ስናልፍ አስማማው ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ ከሦስት ሆኗል። በአፉ አንድ ነገር አነበነበና አማተበ፤ ክዳኑን ፈታ፤ ትንሿን ጣቱን ነክሮ ወደ አፉ ወሰደ። ፊቱን አየሁት። እንደገና ነከረ።

«ምን ይመስላል? አስማማው፣ ምን ይመስላል?»

«ይኼ ሰው ያጣላል» አለና ክዳኑን ገጠመው።

ሆቴሉ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። ዘበኛው ስማችሁ እዚህ የለም ብሎ ከለከለን። እኔ ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት አስማማው በዚያ የመዝገብ ቤት ድምፁ ዕቃ አቅራቢ ነን፣ ወጥ ቤቱ በየት ነው አለው። አልዋሸም፤ ዕቃ ይዘናል። በወጥ ቤቱ በኩል ገብተን ወደ አዳራሹ በሚወስደው ጠባብ መተላለፊያ ስንሄድ ነው ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ የሰማነው። ሥራ አስኪያጁ ነበር፤ በኋላ በድምፁ አወቅሁት። ለገንዘብ ያዧ ሴት ያስረዳታል። «ልጁን ከባሕር ዳር ድረስ ያስመጣሁት እኮ ለዚሁ ነው። ሴቷን መስተንግዶ ላይ እናደርጋታለን፤ ቁመናዋ ጥሩ ነው፣ ብርጭቆ ታመላልሳለች። የዛሬው ለወጉ ነው።»

እግሬ ቆመ። ያ ሁሉ ሎሚ፣ ያ አሥራ አንድ ድስት፣ ለወጉ። ወደ አስማማው ዞርኩ። ስምንት ወር ሙሉ መጠጥ ቤት የማን ቤት ነው ሲል የከረመ ሰው ነው፤ እንግዲህ ልቡ ይረካ ብዬ በምሬት አየሁት። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተነፍቷል። ጠርሙሱን ከግራ ብብቱ ወደ ቀኝ አዛወረና «ነይ» አለኝ።

አዳራሹ ውስጥ አቶ እንዳላማው ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፣ አጭር ወፍራም ሽማግሌ፤ አጠገባቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ሥራነሽ። ፊታቸው ላይ የአንተነህ መጠጥ ያለበት ብርጭቆ አለ፤ ሰማያዊ ነው፣ እንደ ሳሙና ውሃ። ከባንኮኒው ጀርባ ዜማ በነጭ ሸሚዝ ቆማለች። አራት ብርጭቆ ቀድታ፣ በየአንዳንዱ ላይ የሎሚ ክብ አድርጋ፣ አስተናጋጁ ትሪውን አንስቶ ሦስት እርምጃ ሄዷል። በእጄ ጠራኋት። አየችኝ፣ ከጀርባዬም አባቷን አየችው፤ የሞተ ሰው ያለ መስሏት ፊቷ አመድ ሆኖ መጣች።

በጆሮዋ ነገርኳት። የፍስኩ ድስት ነው፣ እኔ ነኝ ያቀበልኩሽ፣ ይኼ የጾም ነው፣ ዝም ብለሽ ቀይሪው አልኳት። የምናገረው ሁሉ በአንድ ላይ ወጣ። ዜማ ጠርሙሱን አላየችም። ትሪውን ነው ያየችው። አስተናጋጁ ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል፣ አቶ እንዳላማውም አንዱን አንስተዋል። ዘወር ብላ ሮጠችና ብርጭቆው ከንፈራቸው ሳይደርስ እጇን ላዩ ላይ አደረገች።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አይጠጡት። የፈላበት ድስት የፍስክ ነው፤ ቅቤ ነክቶታል። አሁን ነው የሰማሁት።»

ሥራ አስኪያጁ ከኋላችን መጥቶ እንግዲህ ሰዓቱ አልፏል፣ ተወዳዳሪዋ ራሷን አስወጥታለች ማለት ነው አለ፣ በትሕትና። አቶ እንዳላማው ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። የማን ድስት ነው ሲሉ ጠየቁ። «የእኔ ነው፣ ያቀበልኳትም እኔ ነኝ፤ እሷ ምንም አታውቅም፤ በጾሙ ድስት አፍልተን ሌላ አምጥተናል» አልኩ። ቀጥዬም «መብራት ጠፍቶ ነበር» አልኩ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ሥራነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

«ምን ያስቅሻል?» አሉ ባላቸው።

«ያለፈው ዓርብ ሽሮ አስታወስከው? ጣፈጠኝ ብለህ ሁለቴ ያስጨመርከውን? በቅቤ ማንኪያ አማስዬው ነው። ከበላህ በኋላ ነው ያየሁት።»

«አልነገርሽኝም እኮ።»

«እንዴት እነግርሃለሁ! እኔ እንደዚች ልጅ ጀግና ነኝ?»

አቶ እንዳላማው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ንስሐ አባታቸውን የሚያስቡ ይመስላሉ። ከዚያ ራሳቸውም ሳቁ፤ ሆዳቸው ጠረጴዛውን እስኪያነቃንቀው። «የጾሙ አለ ነው ያላችሁት? እንግዲያ ቅጂዋ፣ እንየው» አሉ።

ዜማ ጠርሙሱን ስትነካው እጇን መለሰች። ገና ትኩስ ነው። እንዲህ ሆኖ በረዶው ላይ ቢፈስ ውሃ ብቻ ነው የሚሆነው። ከባንኮኒው ጥግ አንተነህ፣ ያ የባሕር ዳሩ ልጅ፣ የራሱን የበረዶ ባልዲ ገፋ አድርጎ ወደ እሷ አስጠጋ። «እዚህ ቅበሪው። ጨው ጨምሪበት፣ ቶሎ ይበርዳል» አላት። ማንም አላዘዘውም። ሥራ አስኪያጁ በዓይኑ ገሠጸው፤ ልጁ ያላየ መሰለ። ጨው የት ነው ሲባል አስማማው ወጥ ቤት ገብቶ የጨው ዕቃ ይዞ ወጣና ባንኮኒው ፊት ለፊት ቆመ። እኔ አጠገቡ ነኝ። እንደ ለመድነው ለልጅሽ ንገሪያት እስኪለኝ አፌን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ።

«ስንት ማንኪያ?» አላት፣ ፊት ለፊት።

ዜማ ቀና አለች። «አራት፣ አባዬ» አለችው።

ጨመረ። እሷ ጠርሙሱን በበረዶው ውስጥ ታሽከረክራለች፣ እሱ ባልዲውን ይዞላታል። እኔ ጣራውን አየሁ፤ ጣራው ላይ ስንት አምፖል እንዳለ ቆጠርኩ። ከዚያ በኋላ ያየሁት እጇን ብቻ ነው። ልጄ ቤት ውስጥ ብርጭቆ የምትሰብር ልጅ ናት። እዚያ ግን በረዶውን መናጫ ቆርቆሮው ውስጥ ጣለች፣ ጂኑን በመስፈሪያ ለካች፣ የሎሚውን ጭማቂ፣ የብርቱካኑን ጭማቂ፣ በመጨረሻ ያን የእኛን ሽሮፕ በቀጭኑ እንደ ክር አወረደችው። ገጠመችና ከትከሻዋ በላይ አንስታ ናጠችው። ወተት የሚናጥ ቅል እንጂ ሌላ ሲናጥ አይቼ አላውቅም፤ ድምፁ ግን ያው ነው፣ መጀመሪያ ይንኳኳል፣ ቀጥሎ ይሟሟል። ረጅሙ ብርጭቆ ውስጥ ቀድታ ጋዝ ያለው ውሃ ስትጨምርበት አረፋው ፈልቶ ጠርዙ ላይ ቆመ። ሽታው እኛ ድረስ መጣ።

አቶ እንዳላማው ጎንጨት አሉ። ሁለተኛ ጎንጨት አሉ። ወይዘሮ ሥራነሽ የራሳቸውን ሳያስቀምጡ ግማሽ አደረሱት። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ቀምሶ ብርጭቆውን አየው። «ይኼ አገር አገር ይላል» አሉ ሽማግሌው፤ «ከሎሚው ኋላ የሆነ ነገር አለ፣ አውቀዋለሁ፣ ስሙ ጠፋኝ። ምንድን ነው የገባበት?» ፊታቸውን ያዞሩት ወደ እኔ ነው። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲጠይቀኝ ሳልጠየቅ የተረፈውን ሁሉ የምናገር ሰው ነኝ። ኮ ለማለት ከንፈሬን አሹዬ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ የሰማሁት «ለወጉ ነው» የሚለው ቃል ትዝ አለኝና ምላሴን ነከስኩ። «የእሷ ሙያ ነው ጌታዬ፣ እሷን ይጠይቋት» አልኳቸው።

ሥራ አስኪያጁ ቀደመ። የዚህ ዓይነት ነገር በጽሑፍ ለሆቴሉ ይሰጣል፣ ዋናው ባንኮኒ ለአንተነህ ቢሆንም ልጅቷን በመስተንግዶ እንይዛታለን አለ፣ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው። ዜማ ሸሚዟን ወደ ታች ሳብ አደረገች።

«ለመስተንግዶ አላመለከትኩም» አለች። «መጠጡን ከወደዱት ጋሼ፣ እኔ ከዚህ ባንኮኒ ጀርባ ስሆን ያገኙታል። ካልሆነም መልካም ገና።»

ስድነት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው አቶ እንዳላማው ብርጭቆው ሥር የቀረችውን በረዶ አፋቸው ውስጥ አድርገው ያገላብጣሉ። ተመካክሬ ማታ እደውላለሁ አሉ። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረው ይቺን ደግመህ አስቀዳልኝ አሉት።

ማታ መብራቱ መጣ። ራት ቀረበ፤ ማንም በቅጡ አልበላም። የዜማ ስልክ ጠረጴዛው መሃል እንደ ታቦት ተቀምጦ ሦስታችን ዙሪያውን እናየዋለን። እኔ ቢደውሉ የሚሉትን አንድ በአንድ አዘጋጅቻለሁ፤ ስለ ቅቤው ቄሱ ሰምተዋል ይሏታል፣ ሥራ አስኪያጁ እኔ ወይም እሷ ብሏል ይሏታል፣ ጭራሽ አይደውሉም። አስማማው አንድ ጊዜ ብቻ ሬዲዮውን ቀንሽው አለኝ፤ ሬዲዮው አልተከፈተም ነበር። አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ጮኸ። ዜማ ተነስታ ወደ ግድግዳው ዞረች። እሺ አለች። እሺ ጋሼ። አዎ፣ ኮሰረት ነው፤ የቀረውን ሰኞ እነግርዎታለሁ። ስትዞር ፊቷ ረጥቧል፣ ጥርሷ ግን በሙሉ ውጭ ነው። አንተነህ የላይኛው ፎቅ፣ እሷ የታችኛው ባንኮኒ፣ ሦስት ወር ሙከራ፣ ከሰኞ ጀምሮ። እልል ልል ስል ጾም መሆኑን አስታውሼ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ፤ ግማሹ አመለጠኝ። ዘመናይ ከግድግዳው ወዲያ ምን መጣ ብላ ጮኸች።

ደስታዬ እስከ አሥር ብቆጥር ነው የቆየው። «እስከ ስንት ሰዓት ነው ሥራው?» አልኳት። እስከ አራት። በሌሊት አራት ሰዓት፣ በዚያ የተቆፈረ መንገድ። ባጃጅ አለ አለች። የቱ ባጃጅ? ማን የሚነዳው? ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ብለው የወጡ ልጆች፤ ልቀጥል ስል አስማማው እጁን ታጥቦ እያደረቀ ተነሣ።

«እኔ አመጣታለሁ» አለ። «አራት ሰዓት እደጁ ላይ እቆማለሁ።»

«አባዬ፣ ታኅሣሥ እኮ ነው፣ በብርዱ ታመህ?»

«ቆሎ ስለምን በውርጭ ያደርኩ ሰው ነኝ። ደግሞስ እዚያ ቁሜ በባዶ ሆዴ ልመለስ ነው? አንድ ብርጭቆ ትቀጂልኛለሽ።» ወደ እኔ ዞረ። «ከሰኞ ጀምሮ ሳንመለስ መወርወሪያውን እንዳትጥይው፤ ውጭ ቀርተን አጥር እንዳንዘልል።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን ከወዲሁ ያን ሰዓት እያሰብኩ ነበር፤ ሁለቱ በመንገድ ላይ፣ እኔ ከተከፈተ በር ጀርባ ብቻዬን ተቀምጬ እግር ሳዳምጥ። ሰኞ የሰኞ ነው። ሻሼን አስሬ በግቢው ብርድ ወጣሁ፤ ውስጥ ዜማ ስለ በረዶና ስለ ጨው ለአባቷ ስታስረዳው፣ እሱም ይሁን አይሁን እያለ ሲሟገታት ይሰማኛል። የቆርቆሮውን በር ገፍቼ መወርወሪያውን ጣልኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ሦስታችንም ውስጥ ነበርን።